ከመቃብሩ በፊት ፋይሉ ይከፈት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባርነትን ስለታገለው አሜሪካዊ ፖለቲከኛ፣ ስለ ታዴየስ ስቲቨንስ፣ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ከመቃብሩ ይጀምራል። አይፈረድበትም። በፔንስልቬንያዋ ላንካስተር አንዳንድ የመቃብር ቦታዎች ጥቁር አይቀበርብንም ይሉ ነበር። ስቲቨንስ ዘር የማይለይ አንድ ትንሽ ቦታ ፈልጎ እዚያ ተቀበረ። ድንጋዩ ላይም ምክንያቱን አስጻፈ፦ በረጅም ዕድሜዬ የተሟገትኩለትን፣ ሰው ሁሉ በፈጣሪው ፊት እኩል መሆኑን፣ በሞቴም ለማሳየት ነው ይላል።

እኔ ግን ከ1821 ልጀምር (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ያኔ ስቲቨንስ ጌቲስበርግ ውስጥ ስሙ እየወጣ ያለ ጠበቃ ነው። የቨርሞንት ደሃ ልጅ፣ አንድ እግሩ ከልደቱ ቆልማማ፣ እናቱ ለፍታ ያስተማረችው።

ቻሪቲ በትለር የምትባል ጥቁር ሴት ነጻነቷን ጠይቃ ተከራከረች። በፔንስልቬንያ ሕግ፣ ከሌላ ግዛት የመጣ ባሪያ እዚያ ስድስት ወር ከተቀመጠ ነጻ ይወጣል። ቻሪቲን ከሜሪላንድ ያመላልሷት ነበር። ቀኖቹ ሲደመሩ ስድስት ወር ይሞላሉ ነው የምትለው። «ንብረቴ ናት» ላለው ሰው ጥብቅና የቆመው ማን መሰላችሁ? ስቲቨንስ። ሕጉ የሚለው ተከታታይ ስድስት ወር ነው፣ ብጥስጣሽ ቀን አይደመርም ብሎ ተከራከረ። ረታ። እናትየው ከነልጆቿ ወደ ባርነት ተመለሰች።

«ጠበቃ ሥራውን ነው የሠራው» የሚል አይጠፋም። እኔ አልዋጥልህ ብሎኛል። ያንን ደንበኛ እምቢ ቢለው በረሃብ አይሞትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ሌላ ሆነ። ጥቁሮችን ድምፅ የሚነፍገውን የ1838 የፔንስልቬንያ ሕገ መንግሥት አልፈርምም አለ። በ1851 ክሪስቲያና በምትባል የፔንስልቬንያ መንደር ባሪያ አሳዳጅ ሲገደል በአገር ክህደት ለተከሰሰው ካስትነር ሃንዌይ ከቆሙት ጠበቆች አንዱ ነበር። ጁሪው ሃንዌይን ነጻ ለማለት ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የፈጀበት።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በተወካዮች ምክር ቤት የአገሪቱን ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ከገፉት ዋናው እሱ ነው። እርግጥ የዜግነቱን ዓረፍተ ነገር የጨመረው ሴኔቱ ነው። አሜሪካ የተወለደ የሀበሻ ልጅ ዜግነቱን የሚያገኘው በዚችው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጥር 2025 ባወጡት ትእዛዝ ያከራከሯትም እሷኑ ነው።

ስቲቨንስ ግን በማሻሻያው ደስ አላለውም። የጥቁሮችን የመምረጥ መብት በግልጽ አያረጋግጥም። ከትልልቅ ባለርስቶች ተወስዶ ለነጻ ወጪዎች 40፣ 40 ኤከር መሬት ይሰጥ ያለውም መና ቀርቷል። ሰኔ 13 ቀን 1866 ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ፣ ታዲያ ይህን ጎደሎ ነገር ለምን ተቀበልክ ብትሉኝ፣ የምኖረው ከሰዎች ጋር እንጂ ከመላእክት ጋር ስላልሆነ ነው አለ።

ይህን ንግግር ሳነብ ቻሪቲ ትመጣብኛለች። ሕግ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ምን እንደምታደርግ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? በዚያች ቀዳዳ አንዲት እናት አሳልፎ የሰጠ ጠበቃ ነው።

ነሐሴ 1868 ሞተ። ማሻሻያው ከጸደቀ ገና አንድ ወሩ ነበር። ድንጋዩ «በረጅም ዕድሜዬ» ይላል። በ1821 ስቲቨንስ 29 ዓመቱ ነበር።