ጋሼን አትረብሹብን

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ብዙ እንታማለን። ሰልፍ አንጠብቅም፣ ታክሲ ላይ በክርን እንጓሸማለን፣ ሰው ሲያወራ እናቋርጣለን ምናምን እየተባልን። ይሁን። ግን አንድ ሰው ላይ ያለንን ጨዋነት ማንም አንስቶልን አያውቅም፣ እሳቸውም ላይብረሪ ባንኮኒ ጀርባ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የሚቀመጡት ጋሼ ናቸው። እስቲ በሞቴ፣ ከመሀላችን "ጋሼ፣ ምን ላንብብ?" ብሎ ያስቸገራቸው ማነው? ማንም! ሰውየው መጽሐፍ ያውቃሉ ተብለው ተቀጥረው፣ መጽሐፍ ሲመዘግቡና ሲደረድሩ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ጡረታቸው ደርሶ፣ እኛ ስለ መጽሐፍ አንዲት ቃል ተንፍሰንባቸው አናውቅም። ይሄ ነው እንግዲህ አስተዳደግ ማለት።

ያው ሙሉ በሙሉ ዝም እንላቸዋለን ማለት አይደለም፣ ነውር ነው። ሶኬት የት ነው፣ ዋይፋይ ፓስወርዱ ስንት ነው፣ ሽንት ቤት በየት በኩል ነው፣ ስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ፣ ቦርሳዬን ይዤ ብገባ ምን አለበት፣ እዚህ ወንበር ላይ ደብተር ጥዬ ምሳ በልቼ ብመጣ ይጠብቁልኛል ወይ፣ ይሄን ይሄን እንጠይቃለን። ጋሼም ከብዙ ዓመት ልምድ የተነሳ ቀና ሳይሉ በጣታቸው ብቻ ይመልሳሉ። የትኛው ሶኬት እንደሚሠራ፣ የትኛው ካልተደገፈ እንደሚለቅ፣ የትኛው ብልጭ እንደሚል እሳቸውን የሚያህል የለም።

በውጭው ዓለም ግን ነገሩ የተበላሸ ነው። ራንጋናታን የሚባል ህንዳዊ በ1931 እ.ኤ.አ. ለላይብረሪ ሥራ አምስት ሕግ አወጣ፣ አንዱ "የአንባቢን ጊዜ ቆጥብ" ይላል። አያችሁ አድልዎ? የላይብረሪያኑን ጊዜ ማን ይቆጥብለት? እኛ ነና! እዚህ አገርም ቢሆን ትምህርቱ ጠፍቶ አይደለም፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1990 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ ተብሎ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ከፍቶ በማስተርስ ሲያስተምር ነበር፣ ማስተርስ እኮ ነው! አንድ ሰው የሚፈልገውን በደንብ መናገር ሲያቅተው ጠይቆ ጠይቆ አውጥቶ ከትክክለኛው መጽሐፍ ጋር ማገናኘት የሚባል ሙያ አለ፣ ይማሩታል። ከዛ ተመርቀው ይመጡና እኛ ስለ ሽንት ቤት እንጠይቃቸዋለን።

ደግሞ ለምን እንጠይቃለን፣ ቁጥር አለ አይደል እንዴ መጽሐፉ ጀርባ ላይ የተለጠፈ። ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አከፋፈል ነው፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87። አንድ ጓደኛዬ ካምፓስ እያለን ይሄን ቁጥር ዋጋው ነው የሚመስለው ነበር፣ ያኔ ስቀንበታል፣ ዘንድሮ ግን 963 ብር የሚል መጽሐፍ ባይ ዲዊን ላስብ ዋጋውን ላስብ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።

ካታሎግማ አታንሱብኝ። የኛ አገር ደራሲ በአባቱ ስም ሳይሆን በራሱ ስም ነው የሚፈለገው፣ እሺ ይሄን አወቅን እንበል፣ ግን ኃይለ የሚለውን በየትኛው ሀ ነው የመዘገቡት? በሃሌታው ሀ? በሐመሩ ሐ? በብዙኃኑ ኀ? ፀ ነው ጸ? ሠ ነው ሰ? አንዷን ፊደል ስትስት ኮምፒውተሩ "አልተገኘም" ይልሃል፣ አንተም ኮራ ብለህ "ይሄ ላይብረሪ እኮ ባዶ ነው" እያልክ ትወጣለህ፣ መጽሐፉ አሥር እርምጃ ላይ ሌላኛውን ሐ ይዞ ቆሞ እያየህ። ጋሼን ብትጠይቃቸው ኖሮ ሳይነሱ "በሁለተኛው ሐ ሞክር" ይሉህ ነበር፣ ግን ተው፣ አታስቸግራቸው። ወመዘክርን የመሰለ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ አገር ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ሁሉ ቅጂው እዛ ይግባ የሚል ሕግም አለው፣ እና አንድ ሰው እዛ ሄዶ ሰው ሳይጠይቅ ባዶ እጁን መመለስ መቻሉ በራሱ ትልቅ ችሎታ ነው፣ እኔ እሸልመው ነበር።

ታዲያ ማንን ነው የምንጠይቀው? ቴሌግራም ላይ ያለ ፊቱን የማናውቀውን ሰው። "አሪፍ መጽሐፍ ጠቁሙኝ እስቲ ፋሚሊ" ትላለህ፣ በአምስት ደቂቃ ሁሉም ሰው ያነበባቸው የሚላቸው እነዛው አምስት መጽሐፎች ይመጡልሃል፣ ከሥር "ፒዲኤፉ ያለው?"፣ ከሥሩ "ለኔም"፣ ከሥሩ "እኔም እፈልጋለሁ ብሮ"፣ ከሥሩ አንዱ ኮንዶሚኒየም ይሸጣል። ፒዲኤፉን ታወርዳለህ፣ አለቀ፣ ማውረድ ማንበብ ነው። እኔ ስልክ ላይ 412 ፒዲኤፍ አለ፣ በዚህ ሂሳብ ምሁር ነኝ።

እውነት ለመናገር አንድ የሚያበሳጨኝ ሰው አለ፣ እሱም ካፌ ለካፌ መጽሐፍ ከሆዱ እስከ አገጩ ቆልሎ የሚዞረው ልጅ ነው። ማኪያቶህን ልትቀምስ ስትል ይመጣና "ባለፈው የወሰድከውን ጨረስከው? እንዴት ነው፣ መጨረሻው አልከበደህም? እንግዲያው ይሄ ነው ላንተ የሚሆነው" ይልሃል። ማን ጠየቀህ? ማስተርስ የሌለው ልጅ፣ ወንበር የሌለው፣ ፀሐይ ላይ የሚውል፣ የላይብረሪያንን ሥራ በነፃ ይሠራል፣ ደሞ የሚያሳብደው፣ ምርጫው ልክ ነው የሚሆነው።

ከኛ መሀልም አልፎ አልፎ ሥነ ሥርዓት የጎደለው ይገኛል፣ ሄዶ ጋሼን የሚጠይቅ። ግን እግዜር ይስጠው አጠያየቁ የጋሼን ሰላም አያናጋም። "ደስ የሚል ነገር" ይላል አንዱ። "ወፍራም ያልሆነ" ትላለች አንዷ። አንዲት እናት ደግሞ ልጃቸውን በጆሮ ይዘው "ይሄን ጎበዝ የሚያደርግ መጽሐፍ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባንኮኒ ጀርባ ያሉትም ሁሉም ጋሼ አይደሉም፣ አንዳንዱ መልሱ ዝግጁ ነው፦

"ምን ዓይነት መጽሐፍ?"

"ማንኛውም።"

"እዛ መደርደሪያ ላይ ማንኛውም አለልህ።"

ተከባብሮ መኖር ይሉሃል ይሄ ነው።

አብርሆት ላይብረሪ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት ትንሽ ፈርቼ ነበር፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያየ ሕዝብ መጠየቅ ይጀምራል ብዬ። ምንም አልሆነም። ከመደርደሪያው ፊት ቆመን ፎቶ ተነሳን፣ አገጭ በእጅ ደገፍ አድርገን፣ እንደተመሰጠ ሰው ወደ ጎን እያየን፣ ፎቶውን የሚያነሳልን ሰው ግን ጠይቀናል፣ ያ አይቆጠርም።

አሁን ልናዘዝ፣ እኔ ራሴ አንዴ ተሳስቻለሁ። ባለፈው ክረምት ዝናብ አባሮኝ አንድ ላይብረሪ ገባሁ (ስሙ ይቅር)፣ ስልኬ 4 ፐርሰንት ላይ ናት፣ ምን እንደነካኝ እንጃ ባንኮኒው ጋ ሄጄ "ጋሼ፣ የሚነበብ ነገር ይጠቁሙኝ እስቲ" አልኩ። ጋሼ እስክሪብቶ አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አደረጉና፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው፣ "መጨረሻ ያነበብከው ምንድነው? ምኑን ወደድክለት?" አሉኝ።

412ቱ ፒዲኤፎች በዓይኔ ላይ ተሰለፉ፣ ሽፋን ሽፋናቸው ብቻ።

"እ... ጋሼ፣ ሶኬት የት ነው?"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "963 ሥር። ያልተሰበረው የቀኙ ነው።"

ሄጄ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ስልኬን ሰካሁ፣ እፍረቱ አላስቀምጥ ሲለኝ ከአናቴ በላይ ካለው አንዱን መዝዤ ገለጥኩ፣ የጣልያን ጊዜ ነገር ነው፣ ሳላስበው አሥር ገጽ ሄድኩ። ጥሩ እየያዘኝ ነበር አንድ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ሲቆም። "ብሮ፣ ትቆያለህ? ካንተ ቀጥሎ እኔ ነኝ" አለኝ። አንጀቴ ነው የተላወሰው፣ ለካ ሰው አለ ብዬ፣ መጽሐፉን ዘግቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁለት።

መጽሐፉን አየው፣ እኔን አየኝ።

"አረ ቻርጀሩን" አለኝ።