ጥያቄ የለኝም፤ ማጠናከሪያ ነው

የቤተ መጻሕፍት መርሐ ግብር ሲኖር መጽሐፉን እንኳ ባታነቡ ማስታወቂያውን አንብቡ። አብዛኛው ታዳሚ አንብቦ የሚመጣው እሱን ነው።

ፎቶዎቹ በክብ በክብ ተቆርጠው ተደርድረዋል። ከሥራቸው ማዕረግ አለ፦ ገጣሚ፤ ደራሲና ገጣሚ፤ ደራሲ፣ ገጣሚ፣ ሃያሲና አማካሪ። ማዕረጉ በረዘመ ቁጥር ፎቶው የቆየ ነው። ከታች በደቃቃ ፊደል “ሌሎችም” ይላል። አዳራሽ ስትገቡ ፎቶ የወጣላቸው የሉም፤ የመጡት ሌሎቹ ናቸው።

ድሮ መሄጃው ይታወቅ ነበር። የመጽሐፍ ውይይት ከተባለ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ቤቱ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አገር ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂ እንዲገባለትም በሕግ ተደንግጓል። (ያልታተመ ገጣሚ ግን ግጥሙን ይዞ በአካል ስለሚገባ ሕጉ አይመለከተውም።) ከታኅሣሥ 2014 ወዲህ ደግሞ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልን። እንግዲህ ምርጫው በዝቷል። ቅዳሜ ከሰዓት “የት ነህ?” ስትባሉ “ቤተ መጻሕፍት” ማለት ያኮራል፤ ምን ስታደርጉ እንደዋላችሁ ማንም አይጠይቅም።

እኔ በቅርቡ የሄድኩበትን ስሙን አልጠራም። አዳራሹ ከዋናው ማንበቢያ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። በር ላይ ተፈትሸን፣ የያዝነውን ውኃ ቀምሰን አሳይተን ገባን። 8 ሰዓት ይጀመራል የተባለው ፕሮግራም በ8 ሰዓት በእርግጥም ጀመረ። የጀመረው ግን የድምፅ ሙከራው ነው። “ሀሎ፣ ሀሎ፣ አንድ ሁለት!” የክብር እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው ተባለ። እስኪደርሱ ማሲንቆ ቀረበልን። ማሲንቆ ተጫዋቹ ደራሲውን አይን አይኑን እያየ ያወድሰው ጀመር። ደራሲው ፈገግ እያለ ኪሱን ይዳብሳል። ለማተሚያ ቤት ከፍሎ የመጣ ሰው ኪስ ውስጥ ምን ይገኛል? ዘመዶቹ ተረባርበው አወጡት።

ከዚያ ንግግር ሆነ። አንዱ ተናጋሪ ተነስቶ “ይህ ትውልድ አያነብም” አለ። ተጨበጨበ። ሌላው ተነስቶ “ትውልዱ ጭራሽ አያነብም” አለ። የበለጠ ተጨበጨበ።

ትውልዱ ከግድግዳው ማዶ ነው ያለው። ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ይዟል። ሽንት ቤት ሲሄድ ቦታው እንዳይወሰድበት ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ፣ ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደርሶበታል፤ ፊዚክስ ይዞታል። አሁን ደግሞ ጭብጨባችን ያዘው።

ውይይቱ ለታዳሚ ተከፈተ። መድረክ መሪው “ጊዜያችን አጭር ስለሆነ በሁለት ደቂቃ” ሲል፣ ከኋላ አንድ ጋዜጣ በብብታቸው የያዙ ባለ ሹራብ ጋሼ ማይኩን ተቀበሉ። አያያዛቸውን ሳየው ቶሎ እንደማይለቁት ገባኝ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ማይኩን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ጥያቄ የለኝም” አሉ።

እንዲህ የሚል ሰው ሲነሳ ቁጭ ካላችሁበት ተመቻችታችሁ ተቀመጡ።

“አስተያየትም አይደለም። ማጠናከሪያ ነው። በመጀመሪያ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። መጽሐፉን ገና አላነበብኩትም፤ ነገር ግን ርዕሱ ላይ ቅሬታ አለኝ።” ደራሲው ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። ጋሼ ግን ርዕሱን እዚያው ትተው ወደ አክሱም ሄዱ። ከአክሱም ግሪክ ተሻገሩ። ሲመለሱ እሳቸው ሁለተኛ ደረጃ እያሉ ያሸነፉት የክርክር ውድድር ላይ አረፉ። “ወደ ነጥቤ ስመጣ” ሲሉ ሁላችንም ቀና እንላለን። ነጥቡም እንደ ክብር እንግዳው መንገድ ላይ ነው። መድረክ መሪው ብጣሽ ወረቀት ላከላቸው። ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አውጥተው፣ ለሁላችንም አነበቡልን፦ “ሰዓት አልቋል።” ከዚያ “ይኸው! የአገራችን ዋና ችግር የሰዓት አጠቃቀም ነው” ብለው በዚያው ቀጠሉ። በመጨረሻ ለኅትመት ዝግጁ የሆነ ረቂቅ ቤታቸው እንዳለ፣ አሳታሚ ብቻ እንደጠፋ ነገሩን። እሱ ነበር ለካ ነጥቡ።

እዚህ ላይ የጎን በሩ ተከፈተ። አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ፣ እስክሪብቶ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ፣ ካልኩሌተር በእጇ ይዛ ብቅ አለች። አስተናጋጁን በሹክሹክታ ልታናግረው ፈልጋ ነበር። እሱ ግን ወጣት በማየቱ ደስ ብሎት ማይኩን እጇ ላይ አኖረላት። መድረክ መሪውም ደስታውን አልቻለውም። “ይኸው ትውልዱ መጣ! ግቢ እህታችን፣ አትፍሪ፣ ጠይቂ!”

ልጅቷ ማይኩን አየችው፤ እኛን አየችን።

“ይቅርታ ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው የምትጨርሱት? ማጥናት አልቻልንም።”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መድረክ መሪው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው” አላት። “ሦስት ጥያቄ ጨምረን እንሰብስብና ደራሲው አንድ ላይ ይመልሱልሻል።”