መስኮቱ ሳይዘጋ

ባለፈው እሑድ ሰፈራችን ለቅሶ ነበረ። ንፍሮው ዞሯል፤ አዛውንቶች አንገታቸውን ደፍተው፣ እኛም እነሱን አይተን ዝም ብለን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል። ድንገት ከወደ ጥጉ ቅጭልጭል የሚል ድምፅ ተነሣ። ቆም አለና እንደገና ቅጭልጭል። ይህን ድምፅ የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በቢሮ ሰምተነዋል፣ በታክሲ ሰምተነዋል፣ ባንክ ተሰልፈን ሰምተነዋል። የሽቦ ኳስ የገባበት የፕላስቲክ መበጥበጫ ነው። የያዘው ጎረቤቴ ነው፤ ጠዋት ሮጦ መምጣቱ ነበር። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ሲያየው ድምፁን ለለቅሶ በሚስማማ ልክ ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ፣ መስኮቱ ሊዘጋብኝ ሆኖ ነው» አለ። አጠገቡ የተቀመጡ ጆሯቸው ከበድ ያለ አዛውንት ሸራውን ዙሪያውን ቃኙና «የቱ መስኮት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት።

ለእኚህ አዛውንትና ለመሰሎቻቸው ላስረዳ። መስኮት ማለት ከሩጫ በኋላ ያለችው ሠላሳ ደቂቃ ናት። በዚያች ሠላሳ ደቂቃ ውስጥ የፕሮቲን ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ ካልተጠጣ ጡንቻ ይቀየማል፣ የጠዋቱ ድካም ሁሉ መና ይቀራል ተብሎ ይታመናል። ሟች ይጠብቃል፤ ጡንቻ አይጠብቅም።

እኔ በበኩሌ ጎረቤቴን አደንቀዋለሁ። ይህች አገር የሚሮጥ ሰው አጥታ አታውቅም፤ በቆጂ አንዲት ትንሽ ከተማ ሆና ያፈራቻቸውን የኦሊምፒክ ባለወርቆች ቆጥሮ መድከም ነው። ያጣነው የሚያገግም ሰው ነበር። ጀግኖቻችን ሮጠው፣ አሸንፈው፣ ባንዲራ ለብሰው ሲመጡ በሥርዓቱ ያገገመ አንድ እንኳ አልነበረም። አበበ ቢቂላን በዚህ ጽሑፍ አላነሣም ብዬ ነበር፤ ስለ ሩጫ የሚጽፍ ሁሉ እሱን ካላነሣ እንቅልፍ አይወስደውምና። ነገር ግን ጥፋቱ የሚታለፍ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ ስታዲየም ገባ። ገብቶስ ምን አደረገ? ሣሩ ላይ ተንጋሎ እግሩን እያነሣ ጂምናስቲክ ሠራ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ! ያን ሁሉ ሺህ ሕዝብ በያዘ ስታዲየም አንድ ማንኪያ ዱቄት የሚያቀብለው ሰው ጠፋ።

ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሣል። መጀመሪያ የሚጠጣው «ማንቂያ» የሚለውን ሮዝ ዱቄት ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፊቱንና እጁን ጉንዳን እንደ ወረረው ሁሉ ይጠዘጥዘዋል። ቤታ አላኒን የተባለው ንጥረ ነገር ጠባዩ ነው፤ ጥቅሙ ግን ለሳምንታት ሲወሰድ ተጠራቅሞ የሚገኝ እንጂ ከጥዝጠዛው ጋር የሚመጣ አይደለም። ጎረቤቴ ግን ክንዱን እያከከ «ይኸው፣ እየሠራ ነው» ይላል።

ቀጥሎ የካፌይን እንክብል አለ። ይህን የሚውጠው ማልደው የተነሡት እናቱ ቡና በሚቆሉበት ጭስ መሐል ቆሞ ነው። ካፌይን ሯጭን እንደሚረዳ የሚክድ የለም፤ ባለሙያዎቹም በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ይላሉ። እናቱ «ልጄ፣ አቦሉ ደርሷል፣ ልቅዳልህ?» ሲሉት «አይ እማዬ፣ የእሱ መጠን አይታወቅም» ብሎ እንክብሉን በውኃ ያወርዳል። እውነቱን ነው። የእናት ስኒ ላይ ሚሊ ግራም አልተጻፈም።

ከዚያ የቀይ ስር ዱቄት ይከተላል። በቀይ ስር ውስጥ ያለው ናይትሬት ሰውነት ኦክስጅንን ቆጥቦ እንዲጠቀም እንደሚያግዝ በሚገባ ተጠንቷል። በራችን ላይ ጉልት የምትቸረችረው ሴት ቀይ ስሩን ከነአፈሩ ትሸጣለች፤ እንከኑም አፈሩ ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲመጣ ግን ሳይንስ ይሆናል።

አሁን ቀበቶው ይታጠቃል። አራት ጄል፣ ማለትም በትንሽ ከረጢት የታሸገ ዝልግልግ ስኳር፣ ግራና ቀኝ እንደ ዝናር ተሰክቶበታል። አንዱ ጄል ከ20 እስከ 25 ግራም ስኳር ይይዛል፤ አንድ ሾርባ ማንኪያ ተኩል ማር ማለት ነው። ለማራቶን ሯጭ ይህ ቀልድ አይደለም። ሁለት ሰዓት በዚያ ፍጥነት የሚጋልብ ሰው ጡንቻውና ጉበቱ ውስጥ ያለው ስንቅ ስለማይበቃው በሰዓት 60 ግራም፣ አንጀቱን ያለማመደማ እስከ 90 ግራም ይወስዳል። ጎረቤቴ የሚሮጠው 5 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያም አንዱ ኪሎ ሜትር እርምጃ ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ፎቶ ነው። ከመገናኛ ሃያ ሁለት ለመድረስ በቅሎ ጭኖ፣ ድንኳን አስቋጥሮ የሚነሣ መንገደኛ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ እሱ ነው። መንገድ ላይ ከሁሉም የምወድለት የጨው ክኒኑን ነው። የኅዳር ጠዋት ብርድ ጆሮ ሲቆርጥ፣ ገና ላብ ሳይወጣው፣ ወደፊት ለሚያልበው ላብ ቅድመ ክፍያ ይፈጽማል። ሲመለስ እጁ ላይ ያለው ሰዓት ያቃጠለውን ካሎሪ ይነግረዋል፤ የዋጠውን የሚነግረው ሰዓት ግን ገና አልተሠራም።

ይህ ሁሉ እንግዲህ መቅድም ነው። ዋናው ሥራ ማገገም ነውና። እሑድ የሮጣትን ሰኞ በማግኒዥየም፣ ማክሰኞ በዓሣ ዘይት፣ ረቡዕ በኮላጅን፣ ሐሙስ ስሙን መጥራት በማልችለው አረንጓዴ ነገር ያገግማታል። ዓርብ ለቅዳሜ ያርፋል፤ ቅዳሜ ለእሑድ። በመላው ሳምንት አንድ ሺህ ሚሊ ግራም ቪታሚን ሲ በየቀኑ አለ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ይህንኑ መጠን ከቪታሚን ኢ ጋር በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ከስፖርቱ ማግኘት የሚገባቸውን ጥቅም እንክብሉ አፍኖባቸው ነበር። ይህን ብነግረው «ምርቱ የተለየ ይሆናላ» አለኝ።

በለቅሶው ድንኳን ወደ ተበጠበጠው ዱቄት ልመለስ። በትልቅ ጥቁር የፕላስቲክ ጣሳ የሚመጣው፣ ላዩ ላይ አንገት የሌለው ሰውዬ የተሣለበት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አጓት ነው። አዎ፣ አጓት። አይብ ሲጠል ተንጠፍጥፎ የሚቀረው። አያቴ ለጥጃ የሚያጠጡት። ጥጃው ሠላሳ ደቂቃ ሳይቆጥር ጠጥቶ በሬ ሆነ፤ በረት እንጂ መስኮት አልነበረውም። ዛሬ ያው አጓት ደርቆ፣ የቸኮሌት ሽታ ተጨምሮበት ሲመጣ የአንድ ጣሳው ዋጋ ጥጃውን ከነገመዱ ይገዛል።

ፕሮቲን ለሯጭ አያስፈልግም አላልኩም። በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 2 ግራም ቢበላ ተገቢ ነው። ነገር ግን የተለማመደ ጡንቻ ያገኘውን ፕሮቲን ለመጠቀም ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን ዝግጁ ሆኖ ይቆያል፤ መስኮት የተባለውም የጎተራ በር ያህል ነው። ቀን ሁለቴ የሚለማመድ ባለሙያ ቢጣደፍ አይፈረድበትም፣ ከሰዓት የሚጠብቀው ሩጫ አለ። ጎረቤቴን የሚጠብቀው ሶፋ ነው። እዚያው ድንኳን ውስጥ እንጀራ በሽሮ ሲዞር «ጨርሻለሁ» ብሎ መለሰ። እህል የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ሽምብራና ባቄላ እንደሚሞሉለት ያወቀው የትኛው የምግብ ባለሙያ እንደሆነ እንጃ፤ የሽሮውን ወጥ ያወጡት ሴቶች ግን ጠይቀውት አያውቁም።

እስካሁን ስቄአለሁ፤ አሁን አልስቅም። ጎረቤቴ ቢበዛ የሚያጣው ደመወዙን ነው። ከገጠር መጥታ ሱሉልታ አንዲት ክፍል ለአምስት ተከራይታ፣ ሌሊት ተነሥታ ዳገት የምትወጣው የ18 ዓመት ልጅ ግን የምታጣው ሌላ ነው። «ቪታሚን ነው፣ ሁሉም ይወስደዋል» ብሎ ስም ያልተጻፈበት ክኒን በፌስታል ቋጥሮ የሚሰጣት ሰው አለ። ስም የተጻፈበት እንኳ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2000 እና 2001 በጀርመን የኮሎኝ ቤተ ሙከራ ከ13 አገሮች የተገዙ 634 የምግብ ማሟያዎችን ሲመረምር 94ቱ ውስጥ በመግለጫቸው ላይ ያልሰፈረ የሆርሞን ቅመም አግኝቷል። በስፖርት የተከለከሉ አበረታች ቅመሞችን የሚመለከተው ደንብ ደግሞ በሰውነትሽ ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ይላል። እገዳው እስከ አራት ዓመት ይሄዳል፤ ለሯጭ አራት ዓመት ዕድሜዋ ነው። አባቷ በሬ ሸጦ የላካት ልጅ ስሟ በዓለም ፊት ይለጠፋል፣ መንደሯ የምትመለስበት ፊት ታጣለች። ክኒኑን የሰጣት ሰውዬ በማግስቱ ለሌላዋ ይቋጥራል። እሱን ሌባ ማለት ሌባን መስደብ ነው፤ ሌባ የሚወስደው ያለህን ነው፣ ይህኛው ገና የምትሆነውን ነው የወሰደባት።

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ዱቄቱ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። የጎረቤቴ የአጎት ልጅ ዋሽንግተን ትኖራለች። ድሮ ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ለእናት ጫማ፣ ለልጆች ቸኮሌት፣ ለሠርግ የደረሰች ካለች ሽቶ ይይዝ ነበር። በቀደም ስትመጣ ግን ሁለቱም ሻንጣዎቿ ጣሳ ነበሩ። ጉምሩክ ላይ አንድ በአንድ ሲያስከፍቷት፣ ነጭ ዱቄት በኪሎ ተሸክሞ መገኘት ምን ያህል አስደሳች እንደሆነ ተምራ ወጣች። እናትየውም ጫማ ሲጠብቁ ሰነበቱ።

እሳቸው ግን ብልህ ሴት ናቸው፤ ባዶውን ጣሳ አይጥሉትም። ክዳኑ ግጥም ይላል፣ እርጥበት አያስገባም። ሄዳችሁ ማድ ቤታቸውን ብታዩ አንገት የሌለው ሰውዬ መደርደሪያው ላይ በሰልፍ ቆሟል፤ አንዱ በርበሬ ይጠብቃል፣ አንዱ ሽሮ፣ አንዱ ምጥን፣ አንዱ በሶ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጎረቤቴ በጨለማ ተነሥቶ፣ መብራት ጠፍቶ ነበርና፣ እጁ የገባለትን ጣሳ አንሥቶ ሁለት ማንኪያ በጥብጦ ጠጣ። በዚያ ቀን እርምጃ ሳይጨምር፣ ፎቶም ሳይነሣ 5 ኪሎ ሜትሩን ጨረሰ። ሲመለስ ቤቱን በጩኸት ሞላው። «ይህ ጣዕም የተለየ ነው! ገብስ ገብስ የሚለው! እግሬ ላይ ነው የተሰማኝ!» እናቱ በረንዳ ላይ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር፤ ቀና አላሉም። ነገሩን ለእኔ ሲያጫውቱኝ ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ስለ መጻፍ አላነሡም።

የዋሽንግተኗ ልጅ ሦስት ሱቅ ፈትሻ አላገኘችውም። ሻጮቹ ቫኒላ፣ እንጆሪና ቸኮሌት እንጂ እንዲህ ያለ ጣዕም አናውቅም ብለዋታል። እሱም የጣሳውን ፎቶ ልኮላታል፤ «ይኸው፣ ይሄ ነው» ብሎ።