ውዳሴ ዘድሮ ናፋቂ

«አይ ሸገር፣ ድሮ ቀረ!»

ይህችን በወጉ ማለት ቀላል የሚመስለው ሰው ሞክሯት አያውቅም። «አይ» የምትለዋ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ትጎተታለች። «ቀረ» ላይ ራስ ሁለት ጊዜ ይወዘወዛል፤ ሦስተኛ ከተጨመረ ለቅሶ ቤት ያስመስላል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዝንብ ያባረሩ ይመስላል። ከዚያ ማኪያቶው ፉት ይባልና ዐይን ወደ አስፋልቱ ይላካል። ዐይን አንድ ነገር ላይ እንዳያርፍ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ካረፈ «ይሄ እንኳን ደህና ሆኗል» የሚል አደገኛ ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። አዲስ አበባ ይህን ሙያ በየካፌው በነፃ የሚያስተምሩ ሊቃውንት ሞልተውላታል። ምስጋናችን ሳይደርሳቸው እንዳይቀር ጥቂት እናወድሳቸው።

የመጀመሪያው ጥበባቸው «ድሮ» መቼ እንደሆነ አለመናገራቸው ነው። ስሌቱ ግን ይታወቃል። የተወለዱበት ዓመት ላይ 12 ሲደመር ድሮ ይጀምራል፣ 25 ሲደመር ያበቃል። በዚህ ስሌት የ1940 ልጅ ድሮው ከ1952 እስከ 1965 ነው፤ የ1955 ልጅ ከ1967 እስከ 1980፤ የ1975 ልጅ ደግሞ ከ1987 እስከ 2000። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ከበው «ድሮ ቀረ» ሲባል ሦስቱም «ቀረ እንጂ!» ይላሉ። የአንዱ ድሮ የሌላውን ድሮ አፍርሶ የመጣ መሆኑ አያጣላቸውም። አንደኛው «የተወረሰብን ትርፍ ቤት» ብሎ የሚያለቅስለትን ቤት ሁለተኛው «ያደግኩበት የቀበሌ ቤት» ብሎ ያለቅስለታል፤ ሦስተኛው ደግሞ እዚያው ቤት በረንዳ ላይ የተከፈተችውን ቪዲዮ ቤት ያነሳል። ቤቱ አንድ፣ ለቅሶው ሦስት። «የትኛው ድሮ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመሐላቸው ከተገኘ የሦስቱም ቡና ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ አይጠየቅም።

ታሪክን የት ላይ እንደሚያቆሙት ማወቃቸውም ይደንቃል። የሚምሉባት ፒያሳ ናት፤ «ዋናዋ፣ ያልተበረዘችዋ አዲስ አበባ»። ፒያሳ ይህን ስም ያገኘችው ጣልያን በ1928 ገብቶ «አደባባይ» በሚለው የራሱ ቃል ስለጠራት ነው። ከዚያ በፊት አራዳ ነበረች፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ትልቁ ገበያ የሚቆምባት። ጣልያን ገበያውን ነቅሎ ወደ ምዕራብ ገፋውና ለአገሬው ሰው «መርካቶ» ብሎ ሰጠው። ካዛንቺስም ያው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት ሠፈር ነው፤ ስሙ እንኳ የቤት ሠሪው ድርጅት ምኅጻረ ቃል ነው። ናፋቂያችን እንግዲህ ነቃዩ በሰጠው ስም እየጠራ መነቀልን ይረግማል። እንጦጦን ሲያነሳም «ያ የአያቶቻችን የባሕር ዛፍ ሽታ» ይላል። ዛፉ ባሕር ተሻግሮ ከአውስትራሊያ መምጣቱን ስሙ ራሱ እየተናገረ፣ የተተከለውም በምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት ከተማዋን ከቦታዋ ሊያስነሳት ሲደርስ መሆኑ እየታወቀ። ይህን ማንሳት ግን ጨዋታ ማበላሸት ነው።

ዋጋ ላይ ሲደርሱ ሊቅነታቸው ይገለጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ ዋጋው ይጠራል፣ ዕቃው መኖሩ አይጠየቅም። «አውቶቡስ በስሙኒ!» ይባላል፤ ስሙኒ 25 ሳንቲም መሆኗን ወጣቱ ስለማያውቅ ቃሏ ብቻዋን ግማሹን ሥራ ትሠራለች። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደመጣና በየትኛው በር ተንጠልጥለው እንደሄዱ ለሌላ ቀን ይቆያል። «ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሳንቲም!» ይቀጥላል። እውነት ነው፣ ርካሽ ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ በራሽን የሚደርሰው በኪሎ ተቆጥሮ፣ ከሌሊት ጀምሮ ሰልፉ ላይ ድንጋይ ተራ ይዞለት፣ ሰውየው እስኪነጋ ድንጋዩን እየጠበቀ። ጉባኤውን ጸጥ የምታሰኘው ግን «ዶላር በሁለት ብር ከሰባት!» የምትለዋ ናት። ብር በእርግጥም እስከ 1985 መባቻ በ2.07 ተቸንክሮ ኖሯል። በዚያ ዋጋ ዶላር ልግዛ ብሎ ባንክ የሄደ ተራ ሰው ምን ተብሎ እንደተመለሰ የሚጠይቅ እስካሁን አልተገኘም።

ጸጥታውንም ያነሳሉ። «ሌሊት ኮሽ አይልም ነበር!» ኮሽ ያላለው ሰዓት እላፊ ስለነበረ ነው። ሰዓቱ ያለፈበት እንግዳ እስኪነጋ ያለበት ቤት ያድራል፤ የወጣ ሰው የሚገጥመውን ሁሉም ያውቃል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጠዋት በር ከፍቶ የወጣ የከተማዋ ሰው ያ ጸጥታ ምን ትቶ እንዳለፈ አይቷል። ናፋቂያችን ግን ጸጥታውን ብቻ ነው የሚሰማው፤ ጆሮ ሲባል እንዲህ ነው።

ፎቶ ሲለጥፉ ደግሞ እጃቸው አይስትም። ጥቁርና ነጭ ይመረጣል። ወሩ መስከረም፣ ሰዓቱ ረፋድ፣ መንገዱ ደረቅ። ነሐሴ ላይ የተነሳ የድሮ አዲስ አበባ ፎቶ ብዙ አይገኝም፤ ያኔም ይዘንብ ነበር፣ ካሜራ ያለው ሰው ግን ጭቃ ውስጥ አይገባም። የሚሳሳቱት መኪና ላይ ነው። «በጃንሆይ ጊዜ» ተብሎ በተለጠፈ ፎቶ ጥግ ላይ ላዳ ታክሲ ብቅ ትልና ዘመኑን ታበላሻለች፤ ላዳ የደርግ ልጅ ናት። በሌላው ፎቶ ላይ ሌኒን ቆሞ ሳለ «በ1985 መስቀል አደባባይ ስንሄድ» ይባላል፤ ሌኒን ግንቦት 1983 ወርዷል። ለጀማሪ ናፋቂ ምክራችን፦ ከመለጠፍዎ በፊት መጀመሪያ መኪናውን፣ ቀጥሎ ሐውልቱን ይዩ። ጥርጣሬ ካለ ጥጉ ይቆረጣል።

«መንገዱ እንዴት ክፍት ነበር!» የሚለውም ሐሰት አይደለም። በ1976ቱ ቆጠራ ከተማዋ ወደ 1.4 ሚሊዮን ሰው ነበራት፣ በ1999ኙ ወደ 2.7 ሚሊዮን። በመሐሉ ከየክፍለ ሀገሩ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ተራ ከወረደው ሕዝብ አንዱ ናፋቂያችን ራሱ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ግድ የለም፤ በትክክል የገባው የመጨረሻ ሰው እሱ ነው። የከተማዋ በር መዘጋት የነበረበት እሱ ሻንጣውን ከበሩ አሳልፎ ዞር ሲል ነው።

እንግዲህ ዋናው የሙያው ፍሬ የግቢ ኑሮ ነው። አንድ ግቢ፣ ስድስት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። «ጨው እንኳ ከጎረቤት እንበደር ነበር፤ ሰው ተደጋግፎ ነበር የሚኖረው» ይባላል። መደጋገፉን ቀርቦ ያየው ሰው አይክደውም። ቤቱ የሚሠራው የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተመትቶ፣ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ቀናት ተቦክቶ፣ ተረግጦ፣ ተመርጎ ነው። በደንብ ከተያዘ ዕድሜ አለው። ካልተያዘ ግን ከክዳኑ የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን እግር ይመታዋል፤ ምርጊቱ ከታች ጀምሮ ይረግፋል፤ የቋሚው እግር ይርሳል፤ ምስጥ ይገባል። በጥቂት ክረምት ቤቱ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ያዘነብላል፤ የጎረቤት ቤት ባይኖር ይወድቅ ነበር። ተደጋግፎ መኖር ማለት ይኸው ነው። ቆርቆሮው ሲበሳ ሬንጅ ይቀባል፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይና አሮጌ ጎማ ይጫንበታል። ከሥሩ የአቡጀዲ ኮርኒስ ተወጥሯል፤ ዝናቡ ቡና የመሰለ ካርታ ይሥልበታል፣ ማታ ማታ አይጥ ሲሮጥበት ኮቴው እየተቆጠረ እንቅልፍ ይወስዳል።

ለምን አይታደስም ነበር? ይህንን ናፋቂያችን አያነሳም፣ እኛ እናንሳለት። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤትን ሲወርስ ኪራይንም ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን ኪራዩ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ብዙ የቀበሌ ቤት ለዓመታት የተከራየው ዛሬ አንድ ማኪያቶ በማይገዛ ብር ነው። በዚያ ገቢ ቀበሌ ሚስማር መግዛትም ይቸግረዋል። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ቢያፈስስ ነገ ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ለመጠገንም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሁለቱ እየተያዩ ቆርቆሮው በሰበሰ። ሽንት ቤቱም እንዲሁ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፤ መኪናው የመንደሩ መግቢያ ላይ ይደርስና ይቆማል፤ መንገዱ ሁለት ሰው ተላልፎ የማያሳልፍ፣ ቱቦው የማይደርስ። ከዚያ ክረምት ይመጣና ጉድጓዱ ራሱ ተነሥቶ ወደ ቀበና ወይም ወደ ቀጨኔ ወንዝ ይሄዳል። ናፋቂያችን «በልጅነታችን የዋኘንበት ንጹህ ወንዝ» የሚለው እነዚህኑ ነው።

የሠፈር ስም ሲያነሱማ ልብ ይነካሉ። ዶሮ ማነቂያ! እሪ በከንቱ! «ስሙ ራሱ ታሪክ ነው» ይላሉ። ነው። እሪ ብሎ ጮሆ ደራሽ ያጣ ሰው ባይኖር ያ ስም ከየት ይመጣል? ሠፈሩን የሰየሙት ሰዎች ናፍቆት አልነበረባቸውም፤ ያዩትን ነው የጻፉት።

ይሁንና ፍቅራቸው እውነተኛ መሆኑን የሚያሳየው ወጪው ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ፒያሳ ቆማ ሳለች የእንጨት በረንዳዋ ሲበሰብስ፣ የአርመንና የሕንድ ግንበኞች እጅ ያለባቸው ቤቶች ጣሪያቸው ሲያፈስስ ናፋቂያችን ቀጠሮውን ቦሌ ነበር የሚይዘው፤ «ፒያሳ ፓርኪንግ የለም» እያለ። በ2016 መጋቢት አፍራሽ ማሽን ሲገባ ግን ከሁሉም ቀድሞ እንባውን ለጠፈ። ቤት በጊዜው ይጠገን፣ የሚቆየው ከሚፈርሰው ይለይ ብሎ የሚከራከር ሰው ወረቀት ያነብባል፣ ደጅ ይጠናል፣ ስብሰባ ላይ ይሰለቻል፣ ጠላትም ያፈራል። ናፍቆት ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። የሚያስፈልገው የፈረሰ ቤትና ቻርጅ ያለው ስልክ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ቤቱ ካልፈረሰ ሥራው አይጀመርም።

«ያ ማኅበራዊ ኑሮ!» ሲሉ ግን ዕድር ማለታቸው ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ዕድር የጥሩምባ ድምፅ በሚደርስበት ርቀት የተሰፋ ነገር ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ንጋት ላይ ሠፈሩን ይዞራል፤ ተረኞች ድንኳኑን ከዕድሩ ቤት አውጥተው ይተክላሉ፤ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሰሃኑ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ የቀረ ይቀጣል። ሠፈሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚቸግረው ድንኳኑ ነው። የት ይቀመጥ? በ2017 ከካዛንቺስ የተነሱት ብዙዎቹ ከተማዋ ዳር ገላን ጉራ ገብተዋል፣ አንዳንዱ ዘመድ ተጠግቷል፣ አንዳንዱ ኪራይ ፍለጋ ሌላ ጥግ ሄዷል። ጥሩምባው አይደርስም፤ በስልክ ይነገራል። ተረኛው ሁለት ታክሲ ቀይሮ ሲደርስ ቀብሩ ተነሥቷል። ድንኳኑን የሚያመላልስ አይሱዙ ይከራዩ ቢባል የወር መዋጮው አይበቃም፤ መዋጮው ይጨመር ቢባል ግማሹ ይወጣል። ይህ ሁሉ ክርክር ዛሬ፣ አሁን፣ በሕይወት ባሉ ሰዎች መካከል አለ። ናፋቂያችን ግን አይሰማውም፤ ዕድሩን የሚያውቀው መዋጮውን ካቆመበት ዓመት በፊት በነበረው መልኩ ነው።

እናም ፎቶው ይለጠፋል። የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ አጥር፣ በሩ ላይ ከሰል ማንደጃ፣ ከኋላ ቀጠን ያለ ሰው በነጠላ ጫማ ቆሟል። «አይ ሸገር፣ ድሮ ቀረ! ይህን ግቢ የሚያስታውስ አለ?» ሦስት መቶ ሰው ልብ ይሰጣል። አንዷ ከሥሩ እንዲህ ትላለች፦ «ከኋላ የቆሙት አባታችን ናቸው። አሁን ገላን ጉራ ነን፤ መልመድ አቅቷቸው ቀኑን ሙሉ በር ላይ ነው የሚቀመጡት፤ የድሮ ሰው ቢጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል። አድራሻ ልላክ?»

መልስ የለም። ናፋቂያችን ያን ሰዓት የሲኒማ አምፒርን ፎቶ እየፈለገ ነበር።