ዝም የማለት መብትን ልጆቻችን ከማን ይማሩ?

ልጄ የምትማርበት፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኝ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በትምህርት ዘመኑ መክፈቻ ለወላጆች ደብዳቤ ልኳል። በየዓመቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይወስድ የነበረው የአሜሪካ ታሪክና የሕገ መንግሥታዊ መብቶች ክለሳ ቀርቷል፤ ጊዜውም ለንባብና ለሒሳብ ፈተና ዝግጅት ተሰጥቷል። በወላጆች ምሽት ላይ ምክንያቱን ስንጠይቅ ከኃላፊዎቹ አንዷ «በአምስተኛ ክፍል ተምረውታል፤ ድግግሞሽ ነው፤ የረሱትንም በስልካቸው ያገኙታል» ብለው መለሱልን።

ከስልኩ ልጀምር። በዚያው ደብዳቤ ላይ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ድረስ ስልካቸውን አጥፍተው እንዲያስቀምጡ ታዟል። በደንቡ እስማማለሁ። ነገር ግን ልጅ ቦርሳው ሲፈተሽ ወይም ከክፍል ተጠርቶ ሲመረመር መብቱን ማወቅ የሚያስፈልገው ስልኩ በጠፋበት በዚያ ሰዓት ነው። ደግሞስ ሰው መኖሩን የማያውቀውን ነገር ምን ብሎ ይፈልገዋል? ልጆችን ለማስተማር ደመወዝ የሚከፈለው ተቋም ሥራውን ለስልክ አስረክቦ፣ ስልኩን ደግሞ ነጥቆ፣ ይህን መልስ ብሎ ሲያቀርብልን ዝም ብሎ መስማት አይቻልም።

«ተምረውታል» የሚለውም ቢሆን ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2022 በመላ አገሪቱ በተደረገው ምዘና ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የብቃት ደረጃውን ያሟሉት በሥነ ዜጋ 22 በመቶ፣ በአሜሪካ ታሪክ ደግሞ 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶው ሰማንያ ሰባቱ ከብቃት ያልደረሱበትን ትምህርት ድግግሞሽ ብሎ መሰረዝ ኃላፊነትን መሸሽ ነው፤ ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ አላገኘሁለትም። መደገምስ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው? እኛ ዳዊት ሲደገም እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፤ ቁርኣን በቃሉ የሚይዝ ልጅም የትናንቱን ሳይከልስ ወደ ዛሬው አይሻገርም። ያለ በቂ ምክንያት ከመፈተሽ የሚጠብቀው አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለአሥር ዓመት ልጅ የሚሸመደድ ቃል ነው። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን የራሱ ቦርሳ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ኃላፊዋ ሊሰሙት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በሰሜን ካሮላይና፣ ቻፕል ሂል ውስጥ የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ አንድ የ13 ዓመት የሰባተኛ ክፍል ተማሪን ከክፍሉ አስወጥቶ በሩ ወደተዘጋ የስብሰባ ክፍል ወሰደው። ከፖሊሶችና ከትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪዎች ጋር ተቀምጦ በአካባቢው ስለተፈጸመ የቤት ስርቆት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ተጠየቀ። ዝም ማለት እንደሚችል የነገረው አልነበረም፤ ለምታሳድገው አያቱ እንዲደውልም ዕድል አልተሰጠውም። መጀመሪያ ካደ፤ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ እውነቱን እንዲናገር ሲገፋፋው አመነ። ላለመመለስ መብት እንዳለው የተነገረው ካመነ በኋላ ነው። ፖሊስ ከመጠየቁ በፊት ዝም የማለት መብትን ማሳወቅ ያለበት በቁጥጥር ሥር ላለ ሰው ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2011 በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሕፃን በቁጥጥር ሥር ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሲመዘን ዕድሜው መታየት አለበት ሲል ወሰነ። ልጁ ተጠርቶ የወጣው ከማኅበራዊ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ላይ ነበር።

ይህን ሳነብ የታየችኝ ልጄ ናት። እኛ ልጆቻችንን የምናሳድገው ትልቅ ሰው ሲናገር አንገታቸውን እንዲደፉ፣ ሲጠየቁ ቶሎ እንዲመልሱ፣ «እሺ» ማለትን እንዲያስቀድሙ አድርገን ነው። በዚህ አስተዳደግ አልጸጸትም፤ ለቤታችንም ለአደባባያችንም መልካም ነው። በዚያች በሯ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን የተደፋ አንገት የጥፋተኛ አንገት ተደርጎ ይታያል፤ «እሺ» ማለትም እንደ እምነት ቃል ይቆጠራል። ለትልቅ ሰው ጥያቄ በአክብሮት «ወላጆቼ ሳይኖሩ መልስ አልሰጥም» ማለት ብልግና ሳይሆን መብት መሆኑን ልጃችን ከእኛ ልትማር አትችልም፤ ብዙዎቻችን ራሳችን አናውቀውምና። የምታስተምራት መምህሯ ናት። ጊዜውም የትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ነው፤ በጥቅምት ለተጠራ ልጅ በግንቦት የሚሰጥ ትምህርት አይደርስለትም።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ለምንውል ወላጆች ደግሞ የጄራልድ ጎልት ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1964 በአሪዞና፣ የ15 ዓመቱ ጄራልድ በስልክ ጸያፍ ነገር ተናግሯል ተብሎ ሲያዝ እናቱም አባቱም ሥራ ላይ ነበሩ፤ መያዙንም ማንም አላሳወቃቸውም። ያለ ጠበቃ ቀርቦ እስከ 21 ዓመቱ በማረሚያ ተቋም እንዲቆይ ተወሰነበት። በዚያው ጥፋት አዋቂ ቢከሰስ ቅጣቱ ቢበዛ 50 ዶላር ወይም የሁለት ወር እስር ነበር። ሕፃናትም ጠበቃ የማግኘትና ዝም የማለት መብት እንዳላቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያጸናው በ1967፣ ቤተሰቡ እስከዚያ ድረስ ስለተሟገተ ነው።

መብቱን ያለ ታሪኩ ማስተማርም አይበቃም። በ1787 በፊላደልፊያ 39 ሰዎች የፈረሙበት ሕገ መንግሥት ለምክር ቤት ውክልና ሲቆጠር ባሪያውን ሦስት አምስተኛ ሰው አድርጎ ያስላ ነበር። በ1857 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁር ሰው የዚህች አገር ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ፤ ያን ፍርድ የሻረው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ነው። ከእኛ እዚህ የተወለዱት ልጆች በመወለዳቸው ብቻ ዜጋ የሆኑት በዚህ ማሻሻያ ነው፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የወጣው፣ በመወለድ የሚገኝ ዜግነትን ለመገደብ ያለመው የፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ክርክር ያስነሣውም በዚሁ አንቀጽ ላይ ነው። ልጆቻችን ስለ ራሳቸው የሚደረገውን ክርክር ከዜና ሰምተው ምን ማለት እንደሆነ ሳይረዱት ሊቀሩ ነው።

የንባብ ውጤት ማሽቆልቆሉ እኔንም ያሳስበኛል። ታዲያ ዝም የማለት መብት የተመሠረተበትን አምስተኛውን ማሻሻያ ቃል በቃል አንብቦ መተርጎም ንባብ ካልሆነ ምን ይባላል? ኃላፊዋ በ2004 የወጣው ሕግ የሚያስገድደውን፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት ሳይሞላ የሚውለውን የሴፕቴምበር 17 የሕገ መንግሥት ቀን እንደሚያከብሩ ነግረውናል። ሕጉ በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ ማንኛውም ትምህርት ቤት ሊያጓድለው የማይችል ዝቅተኛ ግዴታ ነው። አንድ ቀን ግድግዳ ላይ ፖስተር መለጠፍ የሁለት ሳምንት ትምህርትን አይተካም።

በሚቀጥለው የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ለእያንዳንዱ ወላጅ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ስሜን አስመዝግቤያለሁ፤ ሦስቱንም ደቂቃ የቻፕል ሂሉን ልጅ ጉዳይ በማንበብ እጨርሰዋለሁ። በዚሁ ወረዳ ልጅ የምታስተምሩ ወገኖቼ፣ እናንተም ተመዝገቡ።