የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ደንብ የጣሰውን ራሱ ይቅጣ?

ጥያቄው አጭር ነው። አንዱ ነዋሪ መዋጮ አልከፍልም ሲል፣ ወይም ቤቱን አፍርሶ ጎረቤቱን ሲጎዳ፣ የማኅበሩ ኮሚቴ ራሱ ይቅጣው ወይስ ወደሚመለከተው አካል ይሂድ? «ይቅጣ» የሚሉት ለዓመታት የብሎካቸው ኮሚቴ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። «አይቅጣ» የምትለው እዚያው አዲስ አበባ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ስቱዲዮ ያላት የሂሳብ ባለሙያ ነች።

ይቅጣ

ከጣሪያዬ ልጀምር። ከእኔ በላይ ያለው ቤት ሴራሚክ ለመቀየር መታጠቢያ ቤቱ ሲፈርስ የውሃ መከላከያው አብሮ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ እኔ ጣሪያ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ወጣ። ክቡ ሰፋ፤ ቀለሙ ተላጠ፤ ከዚያ አምፖሉ ሽፋን ውስጥ ውሃ ተጠራቀመ። መብራት ላይ ውሃ!

ወጥቼ አንኳኳሁ። ተከራይ ከፈተችልኝ። «ባለቤቱን ያናግሩ» አለችኝ። ባለቤቱ ማነው? ካርታው በዕጣ በደረሰው ሰው ስም ነው። እሱ ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላ በውክልና ሸጦታል፤ መሸጥ ክልክል ነበራ። የገዛው ዱባይ ነው። ኪራዩን የሚሰበስበው የወንድሙ ልጅ ስልክ አያነሳም። እንግዲህ ክስ ይከፈት ካልን በማን ስም ነው የሚከፈተው?

ኮሚቴው ወርዶ ቆጣሪው ጋ ያለውን ቫልቭ ዘጋው። በማግሥቱ የወንድም ልጅ ከች አለ። የቧንቧ ሠራተኛ ይዞ ነው የመጣው!

አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቶታል። መተዳደሪያ ደንብ ያወጣል፤ ባለቤቶችም ለጋራ ወጪ ማዋጣት ግዴታቸው ነው። ታዲያ ደንብ አውጡ ተብሎ ማስፈጸም አትችሉም ከተባለ ደንቡ ምን ይሠራል? ግድግዳ ላይ ይለጠፍ?

አይቅጣ

ጋሼ፣ የጣሪያዎ ነገር እኔንም ያናድደኛል። ግን አንድ ነገር ዘለሉ። የወንድም ልጅ እስኪመጣ ውሃ ተዘግቶባት ያደረችው ማነች? ተከራይዋ። ሴራሚኩን አላፈረሰችም። መከላከያውን አላነሳችም። ኪራይዋን ከፍላ፣ ጀሪካን ተሸክማ ደረጃ ወጣች። ሕንፃችን ሊፍት እንደሌለው እርስዎም ያውቃሉ።

ቆጣሪው የኮሚቴው አይደለም። ውሉ ከውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጋር ነው። የሰው ውሃ መዝጋት ፍርድ ቤት ቢቀርብ «ሁከት ይወገድልኝ» (በይዞታዬ ጣልቃ አይገባብኝ) ያሰኛል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149ን ማየት ነው። ደንብ አስከብራለሁ ብሎ የወጣ ኮሚቴ ተከሳሽ ሆኖ ይመለሳል።

ለጉዳትዎ ደግሞ ሕጉ ዝም አላለም። ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል።

እና ይቅጣ ሲባል ማንን? በረንዳዬን በአልሙኒየም ዘጋሁት። ሰላሳ ምናምን ካሬ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲቁላላ አልጋው ሁሉ ወጥ ወጥ ይሸታል፤ ምድጃዬን ወደዚያ አወጣሁ። ወዲያው ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ምድር ላይ ያለው ካፌ ግን ሸራውን ዘርግቶ፣ ወንበሩን ሣሩ ላይ ደርድሮ ልጆቹ የሚጫወቱበትን ቦታ ወስዷል። ለእሱ ደብዳቤ ሲጻፍ አላየሁም። ኮሚቴው ስብሰባውን የሚያደርገው እዚያው ካፌ ነው፤ ማኪያቶውም ጥሩ ነው።

ይቅጣ

ማኪያቶውን እኛው ነው የምንከፍለው፣ እህቴ! እስቲ ኮሚቴ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ደሞዝ የለውም። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ኮረም አይሞላም። የማይመጣው ሰው ግን የደረጃው አምፖል ሲቃጠል ማታ ይደውላል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ወደ ላይኛው ፎቅ የሚገፋው ፓምፑ ነው፤ ፓምፑ መብራት ይበላል። መብራቱን የሚከፍለው መዋጮው ነው። ስለዚህ መዋጮ የማይከፍል ሰው ጎረቤቱ በከፈለው ውሃ ነው ገላውን የሚታጠበው። ቆጣሪው የባለሥልጣኑ ይሁን፤ አራተኛ ፎቅ ያደረሰው ግን ማነው?

የጥበቃውን ደሞዝ እንኳ በስንት ጉድ ነው የምንሞላው። ለበግ ማረጃና ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራውን የጋራ ቤት ለሕፃናት ማቆያ ያከራየነው ለዚሁ ነው። አሁን በግ ደረጃ ላይ ይታረዳል። ፋሲካ ማግሥት እስቲ የእኛን ብሎክ ደረጃ ወጥተሽ እዪው።

በረንዳሽን እተወዋለሁ። የምፈራው መዶሻውን ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ቢፈርስ ሕንፃው አይወድቅም። ሸክሙ ያለው ኮለኑና ቢሙ (ቋሚ ምሰሶውና አግዳሚው) ላይ ነው። አንዱ ሱቁን ለማስፋት ግድግዳውን አፍርሶ ኮለኑን ጎን ጎኑን ሲፈለፍል ፌሮው ወጥቶ በዓይኔ አይቻለሁ። ደንብ አስከባሪዎች ተጠሩ። መጡ፤ ጻፉ፤ አስቆሙ፤ ሄዱ። ማታ መዶሻው ቀጠለ። በላዩ አራት ፎቅ ሙሉ ሰው ተኝቷል። ይኼን ሰው ሁለት ዓመት ቀጠሮ እየተመላለስኩ ልክሰሰው?

አይቅጣ

ኮለኑ ላይ አልከራከርዎትም። ግን ኮለን የነካ ሰው የኮሚቴ ቅጣት ይበቃዋል? ሱቅ ለማስፋት የተነሳ ሰው የሚጣልበትን ገንዘብ ከወጪው ጋር ደምሮ ይከፍልና ይቀጥላል። ያ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ሥራ ነው። ፎቶ አንስቶ፣ ቀን ጽፎ፣ የሁሉንም ባለቤቶች ፊርማ አሰባስቦ መውሰድ ነው። ደንብ አስከባሪ ማታ አይሠራም ካሉኝ፣ ጥበቃው ማታ አለ። አሸዋና ሲሚንቶ ያለ ፈቃድ ወረቀት በበሩ አይለፍ። ይኼ የማንንም ውሃ አይዘጋም።

ገንዘብ ነክ የሆነውን ደግሞ እንዲህ እናድርገው። ቅጣቱ በጠቅላላ ጉባኤ ጸድቆ በብር ይጻፍ፤ ለካፌውም ለእኔም እኩል። የተቀጣው ሰው ኮሚቴ ውስጥ በሌሉ ሦስት ነዋሪዎች ፊት ይሰማ። ካልከፈለ ዕዳ ሆኖ ይመዝገብበት። ቤቱ ስም ሲዛወር ይከፍላል።

ይቅጣ

ስም ሲዛወር? የእኔ ጎረቤት እኮ በውክልና ነው የገዛው። ስም ቢዛወርማ ኖሮ ይኼ ሁሉ ጣጣ የት ይመጣ ነበር!

አይቅጣ

እሺ፣ ይኼኛው ልክ ነዎት፤ ለውክልናው ሌላ መንገድ ይፈለጋል። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ ይላል። ክፍያውም በባንክ ነው። ስለዚህ ዱባይ ያለውን ሰውዬ ኮሚቴው ባያውቀው መዝገቡ ያውቀዋል። ኪራዩን የሚቀበል ሰው ስም አለው፤ የባንክ ሂሳብ አለው። «ባለቤቱ ጠፋ» የሚባለው ነገር ድሮ ነበር የሚያስኬደው። ደብዳቤው ለተከራይዋ ሳይሆን ለእሱ ይጻፍ። ክሱም ከመጣ በእሱ ላይ ነው።

ይቅጣ

ሁሉም ሰው ውሉን አስመዝግቧል ብለሽ ነው? በቃል የሚያከራየው አለ፤ ዘመዴ ነው የተቀመጠው የሚለው አለ። ኪራዩን በጥሬ ብር የሚቀበለውም አልጠፋም። መዝገቡን የያዘው ወረዳስ ለእኛ ያሳየናል? «የሦስተኛ ወገን መረጃ አንሰጥም» ቢለንስ?

ቢሆንም ማመልከቻውን አንቺ ጻፊው፤ የሕግ ቁጥሩን ታውቂዋለሽ። ማኅተሙን እኔ ከአሁኑ ኮሚቴ አስመታለሁ። የካፌውንም ሸራ አብረሽ ጨምሪበት። የወረዳው መልስ እስኪመጣ ግን ለሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ ሰው ፓምፑ ሲነሳ ቫልቩ ክፍት ሆኖ እንዲጠብቀው አልስማማም።

አይቅጣ

ማመልከቻውን እጽፋለሁ። ቫልቩን ከዘጉት ግን ለተከራይዋ የ1149ን ክስ የምጽፍላትም እኔው ነኝ።