ኢንተርቪው ላይ ልብ ወለድ አታምጡ

"እስኪ ስለራስህ ንገረን።" ሥራ ፈላጊን እንደዚህ ጥያቄ የሚያደናግር የለም። መልሱም ያው ነው። በቡድን መሥራት እወዳለሁ፣ ጫና እቋቋማለሁ፣ ታታሪ ነኝ፣ አዲስ ነገር ለመማር ዝግጁ ነኝ። ጠያቂው ራሱን ይነቀንቃል። ይህን ሲቪው ላይ አንብቦታል፤ ከእናንተ በፊት የገባውም ብሎታል፣ ተራውን እየጠበቀ ውጭ የተቀመጠውም ይለዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ "ታሪካችሁን ተናገሩ" ነው ይባላል። ምክሩ ክፋት የለውም። ችግሩ ከምክሩ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ነው። የሥራና የሙያ ማኅበራዊ ገጹን ሊንክድኢንን ከፍታችሁ ትንሽ ወረድ በሉ። አንዱ በተባረረ ማግስት ዓለምን አሸንፏል። ሌላዋ ወደ ኢንተርቪው ስትሮጥ መንገድ ላይ የረዳቻቸው ሽማግሌ የድርጅቱ ባለቤት ሆነው ይገኛሉ። (እኚህ ባለቤት ሁልጊዜ መንገድ ላይ ምን ይሠራሉ?) ላይኩ ይጎርፋል። ቀጣሪው ግን ከዚያ ሁሉ እንባ ውስጥ ሰውየው ምን መሥራት እንደሚችል ፈልጎ አያገኝም።

እኔ የምለው፣ ሥራ ፍለጋ ላይ ታሪክ ማስረጃ ነው። ትንሽ ይሁን፣ እውነት ይሁን፣ ተከታይ ጥያቄ ሲመጣበት አይፍረስ።

ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች እንውሰድ። አንደኛው "ለጥቃቅን ነገር ትኩረት እሰጣለሁ" ይላል። ሁለተኛዋ እንዲህ ትላለች፦ "ወር ስንዘጋ የመጋዘኑ ቆጠራ ከመዝገቡ አነሰ። ልዩነቱ ትንሽ ስለነበር ማስተካከያ ጽፎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ያለፈው ወርም ጎድሎ ስለነበር ነገሩ አላማረኝም። መጋዘን ወርጄ የተመላሽ ዕቃ ሰነዶችን አንድ በአንድ ሳይ፣ አንዳንዱ ሁለቴ ገብቷል፤ አንዴ በሽያጭ ክፍል፣ አንዴ በመጋዘን። ለአለቃዬ አሳየሁትና ከዚያ ወዲህ ተመላሽ የሚመዘግበው መጋዘን ብቻ ሆነ።"

ልጅቷ ራሷን አንዴም አላሞገሰችም። ግን ማንን ትቀጥራላችሁ? የታሪኩ ጉልበት ያለው "ማለፍ ይቻል ነበር" የሚለው ላይ ነው። ሁለት መንገድ ነበራት፣ አንዱን መረጠች፣ ለምን እንደመረጠችም ነገረችን። ምርጫ የሌለበት ታሪክ ሪፖርት ነው። "ሥራ በዛብን፣ አመሸን፣ ጨረስን" ስትሉ ጠያቂው ድካማችሁን ያውቅ ይሆናል፤ እንዴት እንደምታስቡ ግን አላየም።

"እንዲህ ያደረግክበትን ጊዜ ንገረኝ" የሚሉት ጥያቄዎች የበዙትም ለዚህ ነው። ሰው ወደፊት ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ትናንት ያደረገውን መጠየቅ ይሻላል ከሚል ሐሳብ የመጡ ናቸው። ለመልሱ ስታር የሚሉት ቀመር አለ፦ ሁኔታው፣ ኃላፊነታችሁ፣ የወሰዳችሁት እርምጃ፣ ውጤቱ። ቀመሩ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ጊዜውን ሁኔታው ላይ ይጨርሰዋል። የድርጅቱ አመሠራረት፣ የአለቃው ጠባይ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይስማማ ይተረካል፤ ከዚያ ዋናው ነገር ላይ ሲደረስ "ከዛ ተነጋግረን ፈታነው" ተብሎ ያልቃል። ማነው የተነጋገረው? አንተ ምን አልክ? "እኛ" ማለት ጨዋነት ነው፣ ገባኝ፤ ግን የሚቀጠረው ቡድኑ አይደለም። የሌላውን ድርሻ ለሌላው ስጡ፣ የራሳችሁን ግን አፋችሁን ሞልታችሁ "እኔ" በሉ።

ደግሞ የፈጠራ ታሪክ ይዞ መግባት አያዋጣም። "መጋዘን ያሉት ሰዎች ስትመጪ ምን አሉ?" ተብላ ብትጠየቅ ያቺ ልጅ ወዲያው ትመልሳለች፤ ነበረቻ። ከኢንተርኔት የሸመደደው ሰውዬ ግን እዚህ ጋ ይንተባተባል።

ታሪክ መምረጥም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ ለሚላኑ ገዢ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ያዘጋጀው የሥራ መጠየቂያ ደብዳቤ አለ። ተነቃቃይ ድልድይ፣ የምሽግ መስበሪያ ዘዴ፣ መድፍ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ እያለ ይዘረዝራል። ሥዕል እንደሚችል የጠቀሰው መጨረሻ አካባቢ ነው፣ እሱንም ባጭሩ። ገዢው በዚያን ሰዓት የሚያሳስበው ጦርነት እንደነበር ገብቶታል። በዚያ ላይ አላመናችሁኝ እንደሆነ ፈትኑኝ ብሎ ነው የሚዘጋው። እኛ ደግሞ አንድ ማመልከቻ አዘጋጅተን ስሙን ብቻ እየቀየርን ለሁሉም እንልካለን።

ፐርሰናል ብራንዲንግ የሚባለውንም፣ ራስን እንደ ምርት ስም ማስተዋወቁን፣ ሰው ያለአግባብ አከበደው። አሜሪካዊው የማኔጅመንት ጸሐፊ ቶም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ1997 ፋስት ካምፓኒ መጽሔት ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ ራሱን እንደ ብራንድ ይይ ብሎ ከጻፈ ወዲህ ነገሩ ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል። ሎጎ፣ ቀለም፣ በየቀኑ ፖስት። ለአብዛኛው ሰው ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ሁለት ሦስት እውነተኛ ታሪክ በቂ ነው፤ ፕሮፋይሉ ላይ ያለው፣ ኢንተርቪው ላይ የሚነገረውና ለምስክርነት የተጠራው የድሮ አለቃ የሚያወራው ከተገጣጠመ ስም ማለት ያ ነው።

ታሪክ ሁሉን በር አይከፍትም ደግሞ። ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ሲቪ መጀመሪያ በሶፍትዌር ያጣራሉ፤ ሶፍትዌር በትረካ አይመሰጥም። ሲቪው ላይ ማስታወቂያው የጠየቃቸውን ሙያዎች በራሱ ቃል፣ እውነት ካላችሁ፣ አስገቡ፤ ምን ሠርታችሁ ምን እንደተለወጠ በአንድ መስመር ጻፉ። ትረካው ከሲቪው ጋር ለሚላከው ደብዳቤ (ኮቨር ሌተር) እና ለኢንተርቪው ይቆይ። የድሮ መሥሪያ ቤታችሁን የደንበኛ ስምና የውስጥ ቁጥር ግን የትም አታውጡ። የሰው ምስጢር የሚዘረግፍ አመልካች ነገ የእኛንም ያወጣል ብሎ የማያስብ ቀጣሪ የለም።

"ገና ተመራቂ ነኝ፣ ምን ታሪክ አለኝ?" የምትሉ አላችሁ። የቡድን ሥራ አልሠራችሁም እንዴ? አምስት ሆናችሁ ጀምራችሁ ሁለቱ ስልክ ማንሳት ያቆሙበት፣ ማስረከቢያው ሲደርስ "ስማቸውን እንሰርዝ ወይስ እንተወው?" ብላችሁ የተከራከራችሁበት? ያን ቀን ምን እንዳላችሁ፣ ለምን እንዳላችሁና መጨረሻው ምን እንደሆነ ንገሩን። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከውጤታችሁ በፊት እሱን ነው የምጠይቃችሁ።